ከጫማ መደርደሪያው ውስጥ የጮኸው ስልክ

ለተከበሩ ዶክተር ዙልክፍሊ ናሱቲዮን
የኤንሹ ጠረፍ ሙስሊም ሐኪሞችና የጤና ባለሙያዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ጃፓን

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጾሙ እንዳልከበደዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ጤናዎን አላህ ይጠብቅልን፤ ከታመሙ የማኅበራችንን የአስቸኳይ ስልክ መደወልዎ አይቀርምና፣ ያንን ለጠላቴም አልመኝም።

እኔ ዌኒንግ ኩሱማዋቲ እባላለሁ፤ በአረጋውያን መጦሪያ የምሠራ ነርስና የማኅበሩ አባል ነኝ። እናቴ ሱላስትሪ ከጃቫ መጥታ አብራኝ ትኖራለች። የስኳር በሽታ አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ትጾማለችም። ከዚህ በታች የዘረዘርኩትን እንደ ቅሬታ ሳይሆን እንደ ምስጋና ያንብቡልኝ።

1ኛ. «የሚያምኑት ሐኪም አጠገብዎ አለ» የሚል፣ የአስቸኳይ ስልኩ ቁጥር የታተመበት ያማረ ካርድ ስላደላችሁን እናመሰግናለን። እናቴ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። ጃፓናዊው ሐኪሟ ወገቡን እስኪያመው ጎንበስ እያለ እንዳትጾም ቢለምናት፣ «አንድ ቀን እንኳ ጾሞ የማያውቅ ሰው ስለ ጾም ምን ሊነግረኝ ነው? ሙስሊም ሐኪም ይምጣና ይንገረኝ፣ ያኔ እበላለሁ» አለች። እኔም ከረመዳን በፊት ሐኪም እንድትልኩልኝ አመለከትኩ። በኢፍጣር ግብዣው ዝግጅት ስለተጠመዳችሁ ከዒድ በኋላ እንደምታዩት በትሕትና መለሳችሁልኝ። ከዒድ በኋላማ እናቴም ትበላለች፣ በሕይወት ከቆየች።

2ኛ. ግብዣው እጅግ የደመቀ እንደነበር ሰምቻለሁ። በዚያው ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እናቴ ሥራ ቦታ ደወለችልኝ። ምላሷ ተሳስሯል። «ልጄ፣ ቤቱ ዞረብኝ፤ ተምሩን የት ነው ያደረግሽው?» አለችና ዝም አለች። አምቡላንስ ጠራሁ። የማኅበሩ ሐኪሞች በሙሉ ከቤታችን አጠገብ ባለው መስጊድ ተሰብስበው ስለነበር ወደ አስቸኳይ ስልኩም ደወልኩ፣ ደጋግሜ ደወልኩ። ተረኛው ሐኪም ስልኩን አላጠፋውም፤ ሶላት እንዳይረብሽ ከሌሎቻችሁ ስልክ ጋር በሩ ላይ ባለው የጫማ መደርደሪያ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ስለዚህ ስልኩ በደንብ ጮኋል፤ የሰሙት ግን ጫማዎቻችሁ ናቸው።

3ኛ. በየሆስፒታላችን ለዒድ ከክርስቲያኑም ከቡድሂስቱም ጋር ተራ እንቀያየራለን። በማኅበራችን ግን የሚቀየር ሰው የለም፤ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ይርበናል፣ በአንድ ጊዜ እንሰግዳለን። በሽተኞቻችንም የሚወድቁት በዚያችው ሰዓት ነው። ያን ሁሉ ሐኪም ሰብስባችሁ ይህ ሳይታያችሁ መቅረቱ ቀላል ችሎታ አይደለም።

4ኛ. ሳህኑ ከተነሣ በኋላ መልሳችሁ ስለደወላችሁልኝ ደግሞ በልዩ ሁኔታ አመሰግናለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ሰዎች ትዕግሥት የላቸውም።

ክቡርነትዎ፣ ፌዙ ይብቃኝ፤ ፈርቻለሁ። እናቴን ያተረፏት መለዋወጫ ቁልፋችንን የያዙት ጎረቤታችን ወይዘሮ ሂራኖ ናቸው፤ ስደውልላቸው ሮጠው ገብተው ስኳር በጥብጠው አጠጧት። ከሆስፒታል ወጥታ ዛሬም ጾማለች። «አልሞትኩም አይደል?» ትለኛለች። ስልክ በጮኸ ቁጥር እሷ መስላኝ ሥራዬን ጥዬ እሮጣለሁ። ሽማግሌዎቹን ሳጎርስ ዓይኔ ስልኬ ላይ ሆኖ ሾርባው ይደፋብኛል። ሰው ሁሉ ፀሐይዋ እንድትጠልቅ ሲናፍቅ እኔ ስታዘቀዝቅ ወደ ቤት እደውላለሁ፤ አንድ ቀን ደውላ ዝም ትለኝና በዚያው ትቀርብኛለች ብዬ እፈራለሁ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጾም የሚያውቅ አንድ ሐኪም ነገ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው ከመግሪብ በፊት መጥቶ «እናታችን፣ አላህ ለበሽተኛ ፈቅዷል፤ ይብሉ» ይበላት። ጫማውን በራችን ላይ ያውልቅ፤ ስልኩን ግን ይዞት ይግባ።

ለማኅበሩ ክብርና ለግብዣዎቹ ድምቀት ዘወትር ዱዓ የማደርግ፣ ስልኬን ከጆሮዬ የማልለይ ታዛዥ አባልዎ፣
ዌኒንግ ኩሱማዋቲ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወይዘሮ ሂራኖ ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጾሟን አስፈታኋት ብለው በራችን ላይ ቆመው «ልጄ፣ አምላካችሁ ይቆጣኝ ይሆን?» ይሉኛል። እንደማይቆጣ ብነግራቸውም አላመኑኝም፤ እሳቸውም ከሙስሊም ሐኪም አፍ መስማት ይፈልጋሉ። ካርዳችሁን ሰጥቻቸው በየቀኑ ይደውላሉ፤ እስካሁን ያነሣ የለም።