የዘጠኝ ሚሊሜትር ጥርስ

ረቡዕ ጠዋት

ለታናሽ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ጀርባህ እንዴት ሆነ? እማዬ ዘወትር ስለምታነሳው እኔም ልጠይቅህ ግድ ሆነብኝ። «ተሽሎኛል ይለኛል፣ እኔ ግን አላምነውም» ትላለች። እኛ ደኅና ነን። ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ያስቸግራታል፤ አንደበቷ ግን ያው ነው። እኔ ትንሽ ከስቻለሁ፣ መነጽሬንም ቀይሬአለሁ። አዲሱ ጥሩ ያሳያል።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ጋዜጣው ቡድናችሁን በሙሉ ገጽ አወጣው። አንተ ነጭ ጋዋን ለብሰህ ከሮቨራችሁ፣ ከጨረቃ መኪናችሁ፣ አጠገብ ቆመሃል፤ እጅህን ጎማዋ ላይ ጣል አድርገሃል። እማዬ ገጹን ይዛ ጎረቤት ለጎረቤት ዞረች። ሁለት ልጆቿ በሁለት ተፎካካሪ ቡድን ውስጥ መሆናቸውን የነገሯት እንደሆነ «የማናቸውም ብትደርስ ምን ቸገረኝ፣ የሁለቱንም ቂጥ ያጠብኩት እኔ ነኝ» ነው መልሷ።

ወደ እነሱ መሄድህን ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ያኔ አልተቈጣሁም ብል ውሸት ነው፤ ግን ዋጥኩት። እነሱ ሰፊ ወርክሾፕ አላቸው፣ እኛ የምንሠራው ጣሪያው በሚያፈስ አሮጌ የዱቄት መጋዘን ውስጥ ነው። ሰው የተሻለ ሲያገኝ ይሄዳል። ጨረቃ ላይ ሮቨር አሳርፎ ከሁሉ ቀድሞ አምስት መቶ ሜትር የነዳ ቡድን ያሸንፋል፤ አንተ ደግሞ ከልጅነትህ ጀምሮ ሁለተኛ መውጣት አትወድም። ይህን ሁሉ ለራሴ ነግሬ ነገሩን ዘግቼው ነበር። ጎማውን እስካይ ድረስ።

ማጉያ መነጽር አምጥቼ የጎማውን ጥርሶች ቈጠርኩ። የሚታየው ግማሹ ብቻ ነው፤ አሥራ ሁለት። ጠቅላላው ሃያ አራት መሆኑ ነው። ቁመታቸውን ለማወቅ ከአውራ ጣትህ ጥፍር ጋር አስተያየሁት። የአንተና የእኔ ጥፍር አንድ ነው፣ ያ ከአባታችን የወረስነው አካፋ ጥፍር፤ የራሴን ለካሁና አሰላሁ። ዘጠኝ ሚሊሜትር። ጫፋቸው ወደ ኋላ ጎበጥ ያለው እንኳ የእኔው ነው። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ብዬ ባለፍኩት። ያን ጎማ የሣልኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶብኛል።

ስለዚህ ዓምና ክረምት የሆነውን እንደ አዲስ እያስታወስኩት ነው። ጀርባዬን አሞኛል ብለህ ስምንት ቀን ተኛህ። እማዬ ጠዋት ጠዋት በዘይት ታሽህ ነበር። እኔ ከጉልበትህ ሥር ትራስ አስገባልህ ነበር። በአራተኛው ቀን «ጋሼ፣ ሥራ ፈትቼ ጭንቅላቴ ዛገ፤ እስቲ የጎማውን ደብተር አምጣልኝና ላንብብ» አልከኝ። ደስ አለኝ። በሕመሙ ላይ እንኳ ሥራውን አልረሳም ብዬ ለበያጃችን ሳይቀር አወራሁ። ደብተሩን በራሴ እጅ አመጣሁልህ። ደህና እንዲታይህ መጋረጃውን ገለጥኩልህ። ፎቶ ለማንሳት የሚመች ብርሃን ነበር መሰለኝ።

በያጁ ያን ቀን የመለሰልኝን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም። «ሚኒስትሩ ያስነብባል እንጂ መቼ አንብቦ ያውቃል?» ነበር ያለኝ። ሚኒስትሩ የሚልህ እጅህን ግራሶ ሲነካህ ፊትህ ስለሚጠቁር ነው። በዚያ ንግግሩ ተቀይሜ ሦስት ቀን አላናገርኩትም። ሰሞኑን ይቅርታ ጠየቅኩት። «እኔ እኮ ቀልዴን ነው» አለኝ። ቀልዱን እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

ተሻለኝ ብለህ በተነሳህ በሳምንቱ ሁለት መስመር ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ትተህ ሄድክ። «ለጤናዬ ስል ከሥራው አርፋለሁ» ይላል። አሁንም አለኝ። ፊደሉ ያምራል፤ ያንን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደብተሩ ንጹሕ እንዲሆን ያደረግከው አንተ ነህ። ደጋፊዎቻችን ደብተር ያያሉ፣ ጥፋት ካዩ ይሸሻሉ ብለህ፣ ስሕተት ሁሉ ግድግዳው ላይ በጠመኔ እንዲጻፍ፣ ሲታረም እንዲጠፋ ሕግ አወጣህ። እኔ ደብተር መዋሸት የለበትም ብዬ ተከራከርኩ። እጅ ወጣና ተሸነፍኩ። ከዚያ ወዲህ ደብተራችን ለሰርግ የለበሰ ሰው ሆነ፤ እውነቱ የሚገኘው ግድግዳው ላይ ነው። አንተ በፎቶ ይዘህ የሄድከው ደብተሩን ነው።

አንተ በሄድክ በስድስተኛው ሳምንት ክረምቱ ወጣ። ጎማውን የምንፈትንበት የአመድ ሳጥን ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር እንደነበር ታስታውሳለህ። ላዩ ሲነካ ደረቅ ነበር፤ ከውስጥ ግን እርጥበት ይዞ ኖሯል። እርጥብ አመድ ደግሞ ጎማ ይይዛል፣ አጭር ጥርስ ይበቃዋል። ክረምቱን ሙሉ ተሳካልን እያልን ስንጨባበጥ የነበረው በዚያ ምክንያት ነው። ፀሐይ ወጥታ ሳጥኑ ሲደርቅ ያው ጎማ ሁለት ሜትር ሳይሄድ ባለበት እየተሽከረከረ ራሱን ቀበረ። በያጁ «የራሱን ጉድጓድ የሚቆፍር ጎማ ሠራን» አለ። አመዱን በምድጃ እያደረቅን አሥራ አንድ ጊዜ ደገምነው፤ አሥራ አንድ ጊዜ ሰመጠ። ጨረቃ ላይ ዝናብ የለም፤ የዚያ አቧራ ከእኛ ምድጃም ይደርቃል። ጥርሱን አሥራ ስድስት ሚሊሜትር ስናደርገው ነው ጎማው የወጣው። ይህን ግድግዳው ላይ ጻፍኩት። ደብተሩ ውስጥ ግን፣ አንተ ባወጣኸው ሕግ መሠረት፣ አንድም ቃል የለም።

መሄድ መፈለግህን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አንድ ወር አኮርፍ ነበር። ምናልባት ሁለት። ከዚያ ሻንጣህን ይዤ እሸኝህ ነበር። ደብተሩንም «ጋሼ ስጠኝ» ብለህ ብትለምነኝ ኖሮ፣ አላውቅም፣ እምቢ ብዬ እጮህ ነበር፤ ቢያንስ ግን ለመንከኝ እል ነበር። አንተ ግን አልጋ ላይ ተጋድመህ እያቃሰትክ ከእጄ ተቀበልከኝ። እየደጋገምኩ የማስበው ማቃሰትህን ነው። ትራሱን ሳስገባ «አይ ጋሼ፣ ቀስ» ያልከኝን።

እሑድ እሑድ ለእማዬ ስትደውል ከጎኗ ተቀምጬ እሰማለሁ። ድምፅህ ደኅና ነው። ፎቶህ ከወጣ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውለሃል፤ ሦስቱንም ጊዜ ስልኩን ዘርግታልኝ ነበር። በመጀመሪያው እጄ ሳሙና ነው አልኳት። በሁለተኛው ራሴን ነቀነቅኩ። ባለፈው እሑድ ስልኩን ዘግታ «ምን አድርጎህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አላደረገኝም፣ ልጽፍለት ስላሰብኩ ነው አልኳት። «ስልክ እያለ ደብዳቤ የምን ነው? ምላስህን ድመት በላው?» አለችኝ። ቁጥር ያለበት ነገር በቃል ሲነገር ይዛባል አልኳት። አሳመንኳት አልልም። አሁንም የምታውቀው ነገር የለም፤ ፎቶህም ፍሪጁ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ውኃ በጠጣሁ ቁጥር አይሃለሁ።

የእኛ ሮቨር የምትሄደው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የእናንተ የፊታችን አርብ አመሻሽ ላይ መንኮራኩሩ ውስጥ ገብታ ትታሸጋለች፣ ማክሰኞ ትተኮሳለች ይላል ጋዜጣው። ጥርሶቹ በብሎን የሚታሰሩ ስለሆኑ፣ አዲስ ቆርጦ ሃያ አራቱንም በአራቱም ጎማ ላይ ለመቀየር አንድ ቀን ተኩል ይበቃል። እኛ አድርገነዋል። የሚያስፈልግህን ሁሉ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ጽፌልሃለሁ፤ ደበቀኝ ልትል አትችልም።

ትናንት ቴምብር ልገዛ ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አስቸኳዩ በማግሥቱ፣ መደበኛው በስምንት ቀን እንደሚደርስ ነገረችኝ። ጉዳዩ የሚያጣድፍ ነው ወይ ብላም ጠየቀችኝ። የቤተሰብ ደብዳቤ ነው አልኳት፤ የመደበኛውን ቆርጣ ሰጠችኝ።

እማዬ ሳምልኝ ብላኛለች። ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ ወገብህን ያጽናልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ። ወንድም ያድርጋቸው።

ታላቅ ወንድምህ

አባሪ፦ የአሥራ ስድስት ሚሊሜትሩ ጥርስ ሥዕል፣ አንድ ገጽ። ሦስት ጊዜ አመሳክሬዋለሁ፤ ስሕተት የለበትም።