በጨዋታ ውርጭ ለሞቱት ኃላፊ

ለክቡር አቶ ባንተአምላክ፣ የ«ጮራ» ወጣቶች ማዕከል ኃላፊ
አሰላ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ይህ የሐምሌ ጭጋግና ካፊያ ጤናዎን እንዳይነካው፣ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድም የቢሮዎን ደጃፍ አክብሮ እንዲያልፍ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እንደሻው ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በማዕከሉ ትንሽ ክፍል ወጣቶችን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቤ የበረዶ አገር ጉዞ የምተርክላቸው ሰው። እነሱም ተጓዥ ሆነው የሚያደርጉትን እየነገሩኝ ዕድላቸውን በዳይስ ይሞክራሉ። ክፍሏን ከቆለፉብን ወዲህ ላመሰግንዎ ስፈልግ ሰነበትኩ፤ ጥቂቱን በተራ ላቅርብ።

1. ሊጎበኙን መጥተው ለመጫወት ስለፈቀዱ እናመሰግናለን። ገና ሕጉን ሳይሰሙ የተጓዦቹ አለቃ መሆንዎን አስታወቁን። እኛ በረዶ የለበሰ አገር ባናይም ብርድን የሚያስተምረን የለምና፣ ተራራውን የሠራሁት የባቄላ ማሳ በአንድ ሌሊት ከሚያጠቁረው ከራሳችን ውርጭ ነው። በዚያ ተራራ እንጨት ያልለቀመ እሳት አይሞቅም፤ ልብሱን ያላደረቀም በሕይወት አያድርም። እርስዎ ግን አለቃ እንጨት አይለቅምም አሉ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንዲሉ፣ በተረት ሹመትም ቢሆን እንዳይቆጭዎ ያለችውን አንዲት ጋቢ ከቆሰለው ከተጫዋቻችን ከጉርሙ ተጓዥ ላይ አስገፍፈው እርጥብ እንደሆኑ ተኙ። ጨዋታ ነው ብዬ እንዳልስቅ፣ ሲያስገፍፉ ፊትዎ ላይ ያየሁት ልማድ አስጠላኝ።

2. ዳይሱ አንድ አውጥቶ ውርጩ ሲገድልዎ፣ ለኃላፊ እንደገና ይወርወር በማለትዎ ትሕትናዎን አደንቃለሁ። እምቢ ማለቴ ድፍረት ነበር። የፈናን ተጓዥም ሁለቴ ሞታለች፤ ፈናን ግን እንደገና ይወርወርልኝ አላለችም፣ ሌላ ሰው ሆና ጀመረች።

3. ሰኞ ዕለት ጨዋታው ቁማር መሆኑን ስለደረሱበት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እስከ ቅዳሜ፣ ማለትም እርስዎ እስኪሞቱ ድረስ፣ ትምህርት ነበር። ሰው በተረት ሞቶ በቁልፍ ሲበቀል ከማየት የበለጠ የሚያቅለሸልሽ ነገር አላውቅም።

ስለ ፈናን ጥቂት ልጨምር። ከሳጉሬ ለትምህርት መጥታ ብቻዋን ተከራይታ የምትኖር ልጅ ናት፤ መጀመሪያ ስሟን እንኳ በሹክሹክታ ነበር የምትናገረው። ሰው ሰብስባ በበረዶ ውስጥ መምራትን፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ መከራከርን የለመደችው በዚያች ክፍል ነው። እኔማ የትም እተርካለሁ፤ የቆለፉት በእሷ ላይ ነው። ይህን ቢያውቁ ያዝኑ ነበር ብዬ ልጽፍ አሰብኩና ውሸት መሆኑ ከለከለኝ። እባክዎ ክፍሏን ይክፈቱልን፤ ለሌላ ቁም ነገር ስለማትውል አትጎድልብዎትም።

ከወንበርዎ ሳይነቃነቁ የሚያሳልፉት ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በዚያው ልክ በመጸየፍ እሰናበታለሁ።

እንደሻው

ድኅረ ጽሑፍ፦ አዲሱ ገብስ ገብቶ እስኪሞላ ድረስ ወይዘሮ ጠጂቱ የእህል መጋዘናቸውን ፈቅደውልን ጆንያ ላይ ተቀምጠን እንጫወታለን። ባለፈው ቅዳሜ ልጅዎ ወይዘሪት ናዝሬት መጥታ ተቀላቀለችን። ፈናን የተጓዧን ስም ከነአባቷ ስትጠይቃት፣ ስሙን ነግራት የአባቷን ግን ባዶ ይቅር አለቻት።