ለስመኝ እጅ የጾምነው ጾም

ለክቡር አቶ ኪዳኑ፣
የደጋ ቦራ የወተት ማቀነባበሪያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣
ደባርቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ከብቶችዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ሁለቱም እጆችዎስ ደኅና ናቸው? እኛ የዳባት ደንበኞችዎ፣ ጾሙን አስፈጽሞ ለትንሣኤው ላደረሰን አምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ሆዳችን ሞልቶ ደኅና አለን።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የደፈርሁት ባለፈው ጥር ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ከባለሱቆች ጋር ቆመው፣ «የእኛ ሠራተኞች እኮ ተቀጣሪዎች አይደሉም፤ ቤተሰቦቻችን ናቸው» ሲሉ በጆሮዬ ስለ ሰማሁ ነው። እኔ የሰው ቃል አምናለሁ፤ ከረባት ያሰረ ሰው ሲሆን ደግሞ ይበልጥ አምናለሁ። ስለዚህ ስለ ቤተሰብዎ ጉዳይ ጥቂት ላሳስብዎ ፈቀድሁ።

አንደኛ፤ ከቤተሰብዎ አንዷ ስመኝ ትባላለች። በስም ላያውቋት ይችላሉ፤ ቤተሰብ ሲበዛ ያጋጥማል። ዳባት ካለው በረትዎ ጎህ ሳይቀድ እየገባች ላም የምታልብ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን በዚያው ሥራ የምታሳድግ ሴት ነበረች። እንደሚያውቁት በእኛ አገር ላም የሚያልብ ሰው አስቀድሞ የኋላ እግሮቿን በጠፍር ያስራል፤ ይህን ያልተማረ ቢኖር ላሟ ታስተምረዋለች። ድርጅትዎ ግን ለአንዲት አላቢ የሚደርሷትን ላሞች እጥፍ ካደረገ በኋላ፣ ማሰርና መፍታት ጊዜ ይበላል ተብሎ ጠፍሩ ከበረት እንዲወጣ ታዘዘ። ሻሽቱ የምትባለው ላም ትእዛዙ አልደረሳትም መሰለኝ፣ ረገጠች። የስመኝ ቀኝ እጅ ከአንጓው ላይ ተሰበረ።

የበረቱ ኃላፊ አቶ ክንዴ ነገሩን አውጥተው አውርደው፣ «ላሟ የረገጠቻት ታልባ ካበቃች በኋላ ስለ ሆነ የሥራ ላይ አደጋ አይባልም» ሲሉ ወሰኑ። ለሻሽቱ የእንስሳት ሐኪም ተጠራላት፤ እግሯ ምንም አልሆነም፤ እንኳን እግዜር አተረፋት። ስመኝን ጎረቤቶቿ ወደ ወጌሻ ወሰዷት። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቿ ግን አይጨብጡም። ጎንደር ሄዳ ብትታከም ሊመለስላት ይችላል ተብሏል፤ ጎንደር የሚወስዳት ቤተሰብ ነው የታጣው።

ሁለተኛ፤ በእኛ ዘንድ የታመመ ቤተሰብ ይጠየቃል። ድርጅትዎም ሰው ልኮ ስለ ጠየቃት ከልብ እናመሰግናለን። ሰውዬው ብርቱካን ሳይሆን የስንብት ወረቀት ይዞ መጣ እንጂ መምጣቱንስ መጥቷል። ስመኝ መፈረም ስላልቻለች፣ ያን እጅ ከጭኗ ላይ ቀስ አድርጎ አንሥቶ፣ አውራ ጣቷን በቀለም ነክሮ አሻራዋን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። እስከ ዛሬ ድረስ ከድርጅቱ በኩል ያን እጅ የነካው እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ጓደኞቿ ጠፍሩ እንዲመለስ፣ በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ የሚቆሙበት ቦቲ ጫማ እንዲሰጣቸው፣ ስመኝም እንድትታከም ቢጠይቁ «በጾም ገበያ የለም» ተብለው ደመወዛቸው እኩሌታ ሆነ። ላም ግን አትጾምም። ጾሙን ሙሉ በእኩሌታ ደመወዝ ሲያልቡና ሲገፉ ከረሙ።

ክቡር ሆይ፣ እኛም ዝም ብለን አላየንም። ወር በገባ በአሥራ ሁለት የምንጠጣው የሚካኤል ማኅበር አለን። በየካቲቱ ማኅበር ላይ፣ ስመኝ እስክትታከምና ጠፍሩ ወደ በረቱ እስኪመለስ ድረስ ከቦራ ወተትም ሆነ እርጎ፣ አይብም ሆነ ቅቤ ላንገዛ ተማማልን። አንዱ ተነሥቶ «ኪሱ ሲነካ ልቡ ይነካል!» ሲል ቄሱ ሳይቀሩ አጨበጨቡ። አንድ ሰው እንኳ አልተቃወመም፤ ይህ ብቻውን ሊያጠራጥረን ይገባ ነበር። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ከማኅበርተኛው አንድም ሰው አልወላወለም። በየመንገዱ ስንገናኝ እየተያየን እንኮራ ነበር። ወር አልፎ፣ በመጋቢቱ ማኅበር ላይ፣ በዕድሜ ታላቃችን የሆኑት አባ ገብረ ክርስቶስ ጠላቸውን አስቀምጠው፣ «እናንተ ልጆች፣ የማልን ጊዜ እኮ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር» አሉን።

ማንም አልሳቀም።

እርስዎም በዚያው ሰሞን ሲጠየቁ «ሽያጩ እንደየዓመቱ ነው» ብለው መለሱ አሉ። እውነትዎን ነው። በየዓመቱ እንዲሁ ነው የምናድመው።

የቦራን ወተት በእርግጥ የተወ አንድ ሰው ነበር፤ ጎረቤታችን ሐጅ ኑርሁሴን። የእሳቸው ጾም ሌላ ነው፤ ጨጓራቸውን ስለሚያማቸው በየጠዋቱ የቦራን ወተት ይጠጡ ነበር። ከማኅበሩ አይደሉም፣ አልማሉምም፤ የስመኝን ነገር ሰምተው ዝም ብለው ተዉ። እንግዲህ ሒሳብ ሲዘጉ የአንድ ሽማግሌ ወተት ጎድሎ ቢያገኙ ሌባ አይፈልጉ፤ የዳባት አድማ እሱ ነው።

ስመኝን ስለ እናንተ ብትጠይቋት ክፉ አይወጣትም። «ሻሽቱ እኮ ክፉ ላም አይደለችም፤ እኔው ነኝ የቸኮልሁት» ትላለች። አሁንም ከበረቱ የሚመለሱትን ሴቶች ደጃፏ ላይ ቁማ፣ ሻሽቱን ማን እንደሚያልባት፣ ወተቷ እንዳልነጠፈ ትጠይቃለች። በአንድ እጅ ሹሩባ አይሠራምና ልጇ እናናዬ ጸጉሯን ለመሠራት ጎረቤት ትሄዳለች። እናትየዋ ያን ጊዜ አብራ አትሄድም።

አንድ ጊዜ ብቻ ያለ ሽሙጥ ልለምንዎ፤ ጎንደር ይውሰዷት። እጁ ጨርሶ ሳይደርቅ።

የጾሙን ወተት አንዲት ጠብታ ሳታባክኑ ቅቤ አድርጋችሁ ለበዓል ስላቆያችሁልን፣ ዋጋውንም እንደ በዓሉ ክብር ከፍ ስላደረጋችሁት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ላሞችዎን ያብዛልዎ፤ ቤተሰብዎን ግን፣ ለቤተሰቡ ሲባል፣ ባለበት ያቆይልዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ በጾም ጽኑ፣ በፍስክ ልፍስፍስ የሆንሁት ደንበኛዎ፣

አለነ ወልደ ሩፋኤል
ዳባት፣ በዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ 2007 ዓ.ም.

አንድ የዘነጋሁት ነገር፤ የፋሲካ ዕለት ማኅበሩ ለስመኝ ዶሮ ወጥ ልኮላት ነበር፤ ሳህኑን ያደረስሁት እኔ ነኝ። በግራ እጅ መብላት ነውር ስለ ሆነ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በላች። ወጡ የተሠራው በቦራ ቅቤ ነው።