የኤሊዎቹ ጀልባ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ሃግሴትራ

በስቶክሆልምና በአካባቢዋ ለምትገኙ ሁሉ፦ የሃግሴትራው አዛውንት ስማቸው ከኤሊ ጉብኝት መዝገብ መቅረቱን በታላቅ ሐዘን እናስታውቃለን።

ጥፋቱ የራሴ ነው። የልጄ ባል ኤሪክ ከቁርስ በኋላ የዛንዚባር ጉዟችንን በኮምፒውተር ይመዘግብ ነበር። የቅመም እርሻ አለ፣ ቀያይ ጉሬዛዎች ያሉበት ጫካ አለ፣ በጀልባ ተሻግሮ ትልልቅ ኤሊዎች ማየትም አለ። እኔ የጓጓሁት ለኤሊዎቹ ነው። መቶ ዓመት ያለፋቸው አሉ ይባላል፤ በዕድሜ የሚበልጠኝ ካገኘሁ ቆይቻለሁ።

“አባባ፣ አንተም ጀልባው ላይ ትመጣለህ?” አለኝ።

“ኧረ እኔን ተዉኝ፤ እናንተ ሂዱ” አልሁት እንደ ወጉ።

ልጄ ቤት ብትሆን ሁለት ሦስቴ ትለምነኝና እሺ እል ነበር። እሷ ሥራ ገብታለች። ኤሪክ “እሺ” ብሎ የሦስት ሰው ቦታ ያዘ።

እስከ ምሳ ሳሎን ውስጥ ተንጎራደድሁ። የልጅ ልጄ ሣራ ነቃችብኝና በስዊድንኛ “መሄድ ከፈለግህ ለምን አትነግረውም?” አለችኝ። እንዴት ተደርጎ፣ አንዴ እምቢ ብዬ።

ኤሪክ ሊከፍል ሲል ጠጋ ብዬ “ሐኪሜ የባሕር ነፋስ ለጉልበትህ ይበጅሃል ብላኛለች” አልሁት። ምንም ሳይጠይቅ አራተኛ ስም ጨመረ።

ለዚህ ደብተር ግን አልዋሽም። ሐኪሟ ስለ ባሕር ነፋስ ትንፍሽ አላለችም። ያዘዘችልኝ ሊፍቱን ትቼ በደረጃ እንድወጣ ነው።