ጋሽ ድገሙት ሳይቀቡ የተዉት ደመና

አባታችን ጋሽ ድገሙት ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ለቤቱ አራተኛ ልጅ ሆነው፣ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ከአጎታቸው ጋር ቤት መቀባት ጀመሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚሁ ሙያ አልተለዩም። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። የተቀባ ግድግዳ ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ ቦታ ከታየቻቸው «ድገሙት» ይሉ ነበርና። በሃያ ስድስት ዓመታቸው በር ሊቀቡ የሄዱበትን ቤት ልጅ አገቡ። ያ አንድ በር ለምን ወር ሙሉ እንደፈጀ ቤተሰቡ የገባው ያኔ ነው። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ጡረታ እንደወጡ የውሃ ቀለም ገዙ። ምኞታቸው በመስኮታቸው ትይዩ ያለውን ኮረብታ ስለው ባለቤታቸው ሳሎን እንዲሰቅሉላቸው ነበር። ባለቤታቸው ግን ለይሉኝታ ብለው የሚሰቅሉ ሰው አይደሉም፤ አየር ያለው ሥዕል ሲመጣ ይሰቀላል አሏቸው። ጋሽ ድገሙትም አንዲት መምህርት ዘንድ መማር ጀመሩ። መምህርቷ በውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ራሱ እንደሆነ፣ ብርሃን ከተፈለገም ሳይቀቡ መተው እንደሚያስፈልግ አስረዷቸው። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ እጃቸው ግን እሺ አላላቸውም። ጠዋት ያማረ ጉም ከሰዓት በኋላ ሦስቴ ተቀብቶ ግድግዳ ይሆናል። እያደር ብሩሽ ማቅለልን፣ ወረቀቱ እስኪደርቅ መታገስን፣ ሩቁን ዛፍ በስሱ መንካትን ለመዱ። ሰማዩ ብቻ አሸነፋቸው።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ይደክም ጀመር። አንድ ቀን ኮረብታውን ስለው፣ ሰማዩን አንዴ ብቻ ቀለም አስነክተው፣ ደመናው ላይ ሳይደርሱ ድካም ስለያዛቸው ጋደም አሉ። ሲነሡ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ የለም፤ ባለቤታቸው ሳሎን ሰቅለውታል። አልጨረስኩም ብለው አኮረፉ፤ ብሩሽ ይዘው ወንበር ላይ ሊወጡም ሞከሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ አልቋል። ተቀመጥና እየው» አሏቸው ባለቤታቸው።

ተቀምጠው አዩት። ብዙ ቆይተው፣ እውነትም አየር አለው አሉ። ከዚያ ወዲህ ምሳቸውን እንኳ የሚበሉት ከሥዕሉ ፊት ለፊት ነበር። ጎረቤት ሲመጣም ደመናውን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይችን አልነካኋትም» እያሉ ይኩራሩ ነበር።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ ተቀብሎ ያሳርፍልን። እናታችንም ዛሬ ከዚህ ከቀብራቸው ተመልሰው ያለ እሳቸው ቤት ሲገቡ፣ እሱ ይደግፋቸው።