አባባ የጠረቡት ጨው

ውድ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። የልጅ ልጅሽ ጥርስ አብቅላ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች፤ ትናንት ጆሮዬን ነበር።

እማዬ፣ ዛሬ የምጽፍልሽ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ስለምታወሪው ነገር ነው። አባባ የጨውን ሞዴል ትምህርት ቤት ሲያመጡ፣ ክፍሉ ፊት እጃቸውን ይዤ አባቴ ናቸው አልኩ ስለምትይው።

መጀመሪያው እውነት ነው። መምህሩ ሞዴል ሠርታችሁ አምጡ ሲሉን፣ አባባ የሰው ሥራ አቁመው ሦስት ቀን ለእኔ ጠረቡ። አሥራ አራት ትልልቅ አረንጓዴ ድቡልቡል ለክሎሪን፣ አሥራ ሦስት ትንንሽ ቢጫ ለሶዲየም። በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሷቸው ብናኙ ቅንድባቸው ላይ ያርፍ ነበር። ጨው ውስጥ እያንዳንዱ ሶዲየም ስድስት የክሎሪን ጎረቤት፣ ክሎሪኑም ስድስት የሶዲየም ጎረቤት አለው አልኳቸው። በሽቦ ሲያያይዙ ቆጠሩና፣ መሃል ያለው ልክ ነው፣ ጥግ ያለው ግን ሦስት ብቻ ነው ያለው፣ አሳሳትከኝ አሉ። እኛ የሠራነው ቁራጩን ነው፣ ጨው ግን እንዲሁ ይቀጥላል ብዬ አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና፣

«እንግዲያማ ብቸኛ አይደለም። እኛ ነን ከጎረቤቶቹ የቆረጥነው» አሉ።

እንደዚያ የገባው ተማሪ እስከ ዛሬ አላስተማርኩም።

በማግስቱ እንዳይሰበርብኝ ፈርተው ራሳቸው ተሸክመው መጡ፣ ሙጫ የደረቀበትን ካፖርታቸውን እንደለበሱ። ከኋላዬ የሐኪሙ ልጅ ሳቀ። መምህሩ፣ ዘመድህ ናቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አንገቴን ደፋሁ። አባባ አዩኝ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረው፣

«አናጢ ነኝ። ልጁ አዞኝ ነው» አሉ።

ሞዴሉን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጠው፣ እጅ ነስተው ወጡ።

አንቺ ከሥራ ስትመለሺ ያን ያማረ ታሪክ የነገሩሽ እሳቸው ናቸው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እሰማ ነበር። እራት አልበላም ስል በደስታ ነው አልሽ። እስኪያርፉ ድረስ አንድም ቀን አላነሱብኝም።

ባለፈው ሳምንት ያንኑ ሞዴል ይዤ ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቼ ማን ሠራው አሉኝ። አባቴ ናቸው አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ዘገየሁ።

ታሪኩን ግን አትተዪው፤ እንደዚያ እንዲሆን የወደዱት እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ለእንግዳ ስታወሪው ስንት ጊዜ አብሬሽ ተቀምጫለሁ፤ «አባቴ ናቸው አለ» የምትይበት ቦታ ላይ ስትደርሺ አንድም ቀን ቀና ብለሽ አይተሽኝ አታውቂም።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽ ሰው አይጣ።

ልጃችሁ