የደጃፋችን መንገድ ፕላን «በትዕግስት ይጠብቁ» ስለመባሉ

ለተከበሩ የአካባቢያችን አስተዳደር መዝገብ ቤት ኃላፊ
ባሉበት (ካሉ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እያልኩ፣ የማህደሩ አቧራ ሳምባዎን እንዳይነካብዎ ከልብ እመኛለሁ፤ ደግነቱ እርስዎም ማህደሮቹን ስለማይነኩ ተከባብራችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ትምህርቴን ከመሃል ያቋረጥኩ፣ ሰፈርተኛው «ነገረኛው» የሚለኝ፣ ሥራ ስፈታ ሰው የምተርብ ወጣት ብሆንም፣ ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ እናቴ ነው።

ጎረቤታችን ባለወፍጮው ከደጃፋችን ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣውን መተላለፊያ «የራሴ ነው» ብሎ በብሎኬት አጥሮታል። ያስቀራት ክፍተት እኔና ድመቷ ጎናችንን ሰጥተን የምንሾልክባት ናት፤ ወፈር ያለችውና ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ግን ከቤት መውጣት ካቆመች ሰነባበተች፣ የስኳር ክትትሏንም አቋርጣለች። ባለወፍጮውን ከስሰን ፍርድ ቤት ስንቀርብ፣ ዳኛው መተላለፊያው የሕዝብ መሆኑን የሚያሳየውን ፕላን ቅጂ ከእርስዎ ዘንድ አስወጥተን እንድናቀርብ፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው ቀጠሮ ጉዳያችንን እንደሚዘጉት ነግረውናል። ሰነዱን ማንም ዜጋ ጠይቆ ማየት እንደሚችል በበርዎ ላይ በትልቁ ስለተለጠፈ፣ እኛም አምነን መጣን። የደረሰብንን ውለታ እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሠራተኛዎ «የኔ ወንድም፣ መጀመሪያ የማህደሩን ቁጥር ይዘህ ና» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ቁጥሩ የት እንደሚገኝ ብጠይቃቸው «ማህደሩ ላይ ተጽፏላ!» አሉኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። እኔ ሰው ሳስቅ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ፊቱን ኮስተር አድርጎ የሚቀልድ ግን አላጋጠመኝም።

፪ኛ. ፕላኑ «ተፈልጎ ለሌላ ክፍል ወጪ ሆኖ ስለተገኘ በትዕግስት ይጠብቁ» የሚል፣ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ስለሰጡን አመሰግናለሁ። የወሰደውን ክፍል ፍለጋ ግብር ክፍል ብገባ ወደ መሬት ክፍል፣ መሬት ክፍል ብገባ ወደ ግዢ ሸኙኝ። ግዢ ክፍል ያሉት እናት «ልጄ፣ እኛ ጋ ያለው የወንበር ፋይል ነው፣ እሱም ወንበሩ አልመጣም» ብለው እንደቆሙ አዘኑልኝ።

፫ኛ. ሦስተኛውን ቅሬታ ፈልጌ አጣሁት። ለሌላ ክፍል ወጪ ሆኖ ይሆናልና በትዕግስት ይጠብቁ።

፬ኛ. ነገረኛ ነኝና በውሻችን ስም፣ ጭራሽ የሌለ የጎጆውን ማህደር የሚጠይቅ ማመልከቻ አስገባሁ። የአባት ስም በሚለው ቦታ «አይታወቅም»፣ ሥራ በሚለው «ጥበቃ» ብዬ ሞላሁለት። ክቡርነትዎም ለውሻው «የጠየቁት ማህደር ተፈልጎ ለሌላ ክፍል ወጪ ሆኖ ስለተገኘ በትዕግስት ይጠብቁ» ብለው በገዛ ፊርማዎ መለሱለት። «አቶ» ስላሉትም በቤተሰቡ ስም አመሰግናለሁ። ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ባስቀምጣቸው ከስሙ በቀር አንዲት ፊደል አይለያዩም። መቼም ቀልዱ የራሴ ነውና መሳቅ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ሁለቱንም ደግሜ አነበብኳቸው። የእናቴ ፕላን ለካ አልጠፋም፤ የፈለገው ሰው የለም እንጂ። እሷ ግን ያንን ደብዳቤ አጣጥፋ ትራሷ ሥር አድርጋ፣ እንደታዘዘችው በትዕግስት እየጠበቀች ነው።

ስለሆነም ክቡርነትዎ ከቀጠሯችን በፊት ከመቀመጫዎ ተነስተው፣ መደርደሪያውን አንድ ጊዜ በዓይንዎ ገረፍ እንዲያደርጉልን በታላቅ ትህትና እለምናለሁ። ወንበርዎ እስኪመለሱ እንዳይቀዘቅዝ እኔ እቀመጥበታለሁ፤ ሥራውን እችለዋለሁ ብዬ አስባለሁ።

ከወገብ ዝቅ ካለ አክብሮት ጋር፣
የሁልጊዜ ባለጉዳይዎ

ግልባጭ፦
ለባለወፍጮው (ከእርስዎ ቢሮ የሚወጣ ሁሉ ከእኛ ቀድሞ ስለሚደርሰው፣ ይህም እንዳይቀርበት)

ማሳሰቢያ፦ እናቴ «እነሱም የሰው ልጆች ናቸው፣ ስድብ እንዳትጽፍባቸው» ብላ ስላስማለችኝ፣ ስድብ በነበረበት ቦታ ሁሉ ምስጋና ተክቻለሁ። ይህንንም ቢሆን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ መለጠፌን ብትሰማ መጥታ በገነጠለችው ነበር። መምጣት ግን አትችልም። ለዚህም እናመሰግናለን።